ወፏ ነጥብ ብትሆንም ቤቱን ፎቶ አንሱት

ባለፈው ፋሲካ አያቴ የኮንዶሚኒየሟ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ "እስቲ አንቺ፣ እዛ ስልክሽ ውስጥ ቤቴ ካለ አሳዪኝ" አለችኝ። ቤቴ የምትለው አሁን የምትኖርበትን አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ የፈረሰውን፣ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችበትን የቀበሌ ቤት ነው። "ሞልቷል" አልኳት። እኔ እኮ እዛ ቤት ነው ያደግኩት። ስልኬ ላይ ደግሞ 11 ሺህ ምናምን ፎቶ አለ። ከዛ ሁሉ ውስጥ ይጠፋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ፈለግኩ። የልደት ኬክ አለ። የአክስቴ ልጅ ምርቃት አለ። እኔ ራሴ የምርቃት ጋውን ለብሼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ በሩ ግን በፖርትሬት ሞድ ደብዝዞ ሰማያዊ ጭጋግ ሆኗል። የዶሮ ወጥ ፎቶ ብቻ ሰባት አለ። ቤቱ፣ ማለትም ጣሪያው፣ የእንጨት በረንዳው፣ የጎበጠው አሸንዳ፣ ከአሸንዳው ሥር የነበረው የወፍ ጎጆ፣ አንድም ቦታ የለም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስክሮል ሳደርግ አያቴ መነጽሯን አድርጋ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ "ተዪው በቃ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል" አለች።

ይህን የምጽፈው የዛን ቀን እፍረት ስላልለቀቀኝ ነው። የእናንተም ስልክ ከእኔ የተለየ አይመስለኝም። አሁን ከፍታችሁ እዩት። ያደጋችሁበት ቤት ሙሉ ሆኖ፣ ከጣሪያው እስከ ደጁ፣ ማንም ፊት ለፊቱ ሳይቆም የሚታይበት ፎቶ አላችሁ?

ማፍረሱ ሲጀመር እኮ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተናል። የኤክስካቫተሩን ክንድ፣ አቧራውን፣ አይሱዙ ላይ የሚጫነውን ቁምሳጥን ቀዳን። ቲክቶክ በፒያሳ ተሞላ፣ ከጀርባው የሚያሳዝን ሙዚቃ ገባበት። እኔም ለጥፌያለሁ፣ አልዋሽም፣ ጥሩ ቪውም አግኝቻለሁ። አሁን ተመልሼ ሳየው ግን የቀዳሁት ቤቱን ሳይሆን ፍርስራሹን ነው። ከረጅም ዕድሜው ውስጥ የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ብቻ። በሕይወቱ ዘወር ብለው ያላዩትን ሰው ቀብሩ ላይ ካሜራ ይዞ እንደ መምጣት ነው።

ከወራት በኋላ በዛ በኩል ሳልፍ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ነበር። ቀና ያደረገኝ ጩኸት ነው። ቀጭን፣ ሲርርር የሚል፣ ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ ወደ ማታ የምሰማው ድምፅ። ባዶው ቦታ ላይ፣ የጣሪያ ከፍታ በነበረው ልክ፣ ሃያ የሚሆኑ ጥቋቁር ወፎች ይዞራሉ። ስዊፍት ይባላሉ። ክንፋቸው እንደ ማጭድ የቀጠነና የጎበጠ ነው፣ ወገባቸው ላይ ነጭ ምልክት አላቸው። ልጆች ሆነን የሌሊት ወፍ ናቸው እንል ነበር። እነዚህ ወፎች መሬት ላይ አያርፉም፣ የመብራት ሽቦ ላይም አይቀመጡም። የሚበሉትን ነፍሳት በአየር ላይ ይይዛሉ፤ ለጎጆ የሚሆናቸውን ላባና ሣር ሳይቀር ነፋስ ሲያነሳው እየበረሩ ይለቅሙና በምራቃቸው ያጣብቁታል። ጎጆው ከጣሪያ ጠርዝ ሥር፣ ከድልድይ ቅስት ሥር ወይም ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አንዱን ጎጆ ደግሞ ለዓመታት እየተመለሱ ይጠቀሙበታል። የእኛ ቤት ወፎች ነበሩ ብዬ አልምልም። ግን የሚዞሩበት ከፍታ የእኛ አሸንዳ ከፍታ ነበር።

ስልኬን አወጣሁና ዙም አደረግኩ። የወጣው ነገር የፈሰሰ ጤፍ ይመስላል። የስልክ ዙም ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ማቅረብ አይደለም፣ ያለውን ፎቶ ቆርጦ መለጠጥ ነው። ተናድጄ ዙሙን መለስኩትና በሰፊው አነሳሁ። ታች የቆርቆሮው አጥር፣ መሀል ባዶው ቦታ፣ ላይ ነጥብ ነጥብ የሚሉ ወፎች። ካነሳኋቸው 11 ሺህ ፎቶዎች ሁሉ ያ ሰፈር ምን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ከዛ በኋላ ነገሩን በደንብ አሰብኩበት። ትልቅ ሌንስ ያላቸው የወፍ ፎቶግራፈሮች የሚያነሱትን አይታችሁታል። የላባዋ ዘርፍ ሳይቀር ይታያል፣ ዓይኗ ውስጥ ሰማይ አለ። ከኋላዋ ያለው ግን አረንጓዴ ወይም ግራጫ ጭጋግ ነው። ወፏ ባሌ ትሁን ቦሌ፣ ከፎቶው አታውቁም። ሌንሱ ወፏን አቅርቦ አገሯን ያጠፋል። የስልክ ካሜራ ደግሞ በተቃራኒው ሰፊ ነው። ወፏን ነጥብ ያደርጋታል፣ ቤቱን ግን ከነአካሉ ያመጣዋል። እኛ ይሄን እንደ ድክመት ቆጥረን የተሻለ ስልክ እንመኛለን። እኔ አሁን ተቃራኒውን ነው የምለው፦ ቤትን ከነወፉ ለማንሳት ከስልክ የተሻለ መሣሪያ የለም። ወፏ ነጥብ ትሁን። ነጥቧ የት ላይ እንዳረፈች መታየቱ ነው ዋናው።

ምክንያቱም የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት በአንድ መልኩ የወፍ ቤት ነው። ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት አርመን፣ ሕንድና የግሪክ ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢና ግንበኛ ጋር ሆነው የሠሩትን ቤት አስቡት። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ድንጋይ ወይም የጭቃ ምርግ፣ ላዩ ሰፊ የእንጨት በረንዳ፣ የበረንዳው ጠርዝ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ ከወራጁ እንጨት ጋር ሲገናኝ ክፍተት ይተዋል። ድንቢጥ እዛ ትገባለች። ከበረንዳው ጣሪያ ሥር ደግሞ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ አለ፤ ጭቃ በአፋቸው እያመጡ ኩባያ የመሰለ ጎጆ የሚለጥፉ ወፎች እሱን ይወዱታል። ቤቱም ጭቃ፣ ጎጆውም ጭቃ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነ፣ ክንፏ ነጭ ጠብ ጠብ ያለበት እርግብ ትቀመጣለች። ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላትን ግራጫዋን እርግብ ካያችሁ ደግሞ በደንብ እዩዋት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም። ገደል ላይ የምትኖር ወፍ ናት። አሮጌ የድንጋይ ግንብ ለእሷ ገደል ነው።

ጣይቱ ሆቴል በረንዳ ላይ ቀስ ብላችሁ ማኪያቶ ጠጡ፣ ይገባችኋል። በ1898 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. ላይ እሳት ይዞት ሁላችንም ደንግጠን ነበር፣ አሁንም ቆሟል። ሰው ሁሉ እዛ ደረጃው ላይ ቆሞ ሰልፊ ይነሳል። ቀና ብሎ የበረንዳውን ጣሪያ የሚያነሳ ግን ብዙም አላየሁም።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ታገሱኝ። እነዚህ ቤቶች ለምን እንዲህ አረጁ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፣ ኪራዩም በዛው ቆመ። አያቴ እስከ መጨረሻው ወር የከፈለችው የቤት ኪራይ ማኪያቶ አይገዛም ነበር። ለድሃ ትልቅ እፎይታ ነው፣ እኔንም በዛ ገንዘብ ቁጠባ ነው ያስተማረችኝ። ግን ሌላውንም እዩት። ተከራዩ ቤቱን አያድስም፣ የእሱ አይደለማ። ቀበሌው አያድስም፣ ከኪራዩ የሚያገኘው አንድ ቆርቆሮ አይገዛለትም። ስለዚህ ማንም አልነካቸውም። ማንም ስላልነካቸው መቶ ዓመት የሆነው የበረንዳ እንጨት ሳይቀየር ቆየ፤ ማንም ስላልነካቸው ደግሞ ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ኮርኒሱ ተቀደደ፣ ወፎቹ ገቡ። ያቆያቸውና የጣላቸው ነገር አንድ ነው።

እና ለማፍረስ ሲሰላ በወረቀት ላይ ያለው ካሬ ሜትር ነው። አላፊ አግዳሚው የሚያየው የበረንዳ ፍልፍል ካሬ ሜትር የለውም። ጎጆም የለውም። ክፍል ውስጥ "ኤክስተርናሊቲ" እያልን ለፈተና የሸመደድነው ነገር ይሄ ነው፦ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት፣ ማንም የማይከፍልበት፣ ስለዚህ ዋጋው ዜሮ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር። በቅርስነት የተመዘገበ ህንጻ ቢያንስ ጠያቂ አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ አለ። የመኳንንቱ ቤት፣ የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረውና አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ የሼህ ሆጀሌ ቤት፣ እነዚህ ስም አላቸው። ከእነሱ ጎን ያለው ስም የለሹ የቀበሌ ቤት ግን መዝገቡ የእናንተ ስልክ ብቻ ነው። ስልካችሁ ውስጥ ከሌለ የትም የለም።

አሁን አክስቴ የምትለኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዶቻችሁም እያላችሁ ነው። "አንቺ ደግሞ! ሰው ቤቱን ሲያጣ ስለ ወፍ ታወሪያለሽ?" አክስቴ እዛ ቤት ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር በአራት ባልዲ ፍሳሽ ስትቀበል አድጋለች። ሽንት ቤቱ ለአሥራ አንድ አባወራ አንድ ነበር። አያቴ ራሷ አሁን ባለችበት ኮንዶሚኒየም ቧንቧ ከፍታ ውሃ ሲመጣ ምርቃት ታወርዳለች (ሲመጣ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን)። ድህነትን በጥቁርና ነጭ ፊልተር ማሳመር አልፈልግም። ቤቱ መቆየት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ክርክር ዛሬ አላነሳም፣ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ነው። እኔ የምለው ከዛ ያነሰ ነው። የሚፈርስ ቢሆንም እንኳ ሳይታይ አይፍረስ። ለአክስቴም ይሄንኑ አልኳት። "ባልዲዎቹንም ታነሺያቸው ነበር?" አለችኝ። አዎ። ባልዲዎቹንም።

በነገራችን ላይ ወፍና አዲስ ህንጻ ጠላት ናቸው አላልኩም። ጭልፊት ጂ+12 ላይ በደስታ ይቀመጣል፣ ከእጃችን ሥጋ የሚነጥቅ ወፍ የት ይቸግረዋል። ቁራም እንዲሁ። የሚቸገሩት ቀዳዳ የሚፈልጉት ናቸው። መስታወትና አሉኮቦንድ ቀዳዳ የለውም። በእንግሊዝ ብራይተን ከተማ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው አዲስ ህንጻዎች ላይ ለስዊፍት ጎጆ የሚሆን ባዶ ጡብ እንዲገባ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠይቃል። አንድ ጡብ ናት። ለእኛ ኮሪደር ከሚገዛው መብራት አምፖል ጋር ሲነጻጸር ምን አላት? ግን እዚህ ቦታ ላይ ወፍ ነበር ለማለት መጀመሪያ ወፍ እንደነበረ የሚያሳይ ፎቶ ያስፈልጋል።

እና እንዴት እናንሳ?

ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ውጡ፣ ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። እኩለ ቀን ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያንጸባርቅና በረንዳው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ስዊፍቶቹም ዝቅ ብለው እየጮሁ የሚዞሩት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ነው። ሰማዩ በጣም ነጭ ከሆነባችሁ የቤቱን ጥላ ክፍል በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት፣ ብርሃኑ በዛ ይቆለፋል። ስልኩን ወደ ላይ አታጋድሉት፤ ቤቱ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ይልቅ መንገዱን ተሻግራችሁ ራቁና ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፖርትሬት ሞድ ይጥፋ። ፊልተር ይጥፋ፣ የግድግዳው ቀለም ምን እንደነበር በኋላ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። መጀመሪያ ሙሉውን ቤት፣ ከነመብራት ፖሉ፣ ከነሱቁ፣ ከነሊስትሮው። ቀጥሎ ዝርዝሩን፦ የበሩን ማጠፊያ፣ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ አሸንዳውን፣ የጎጆውን ቦታ። ወፏን ለመያዝ ተከታታይ አንሱ፣ ካሥር አንዱ ይሠራል።

ከዛ ደግሞ ሰላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ፣ ስልኩን ሳታንቀሳቅሱ፣ ሳታወሩ። ለድምፁ። ለምን እንደሆነ ታች እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ካነሳ በኋላ ነው። ካሜራችሁ ውስጥ የቦታ መረጃ የሚለውን አብሩት። እያንዳንዱ ፎቶ ሲነሳ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይጻፋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ግን ጥራቱ ይቀንሳል፣ ያ ሁሉ መረጃም ይረግፋል፤ እንደ ፋይል ላኩት፣ ሳይነካ ይደርሳል። እኔ የቀድሞ ሰፈሬን ልጆች "ያላችሁን የቤት ፎቶ ላኩልኝ" ብያቸው አርባ ያህል መጣልኝ፣ አብዛኛው ስክሪንሾት የስክሪንሾት። የማን በር እንደሆነ ለመለየት በሰዓታት የሚቆጠር ክርክር ግሩፑ ላይ ተነሳ፣ ሁለት ሰዎችም ግሩፑን ለቀው ወጡ። ስለዚህ ሥሩ አንድ መስመር ጻፉ፦ የየትኛው ሰፈር፣ ከምን ቀጥሎ፣ ማን ይኖርበት እንደነበር ካወቃችሁ እሱን፣ ምን ወፍ እንዳለ። የወፏን ፎቶ አይናቹራሊስት የሚባለው ነጻ አፕ ላይ ከጫናችሁት ስሟን የሚያውቁ ሰዎች ይነግሯችኋል፣ ቦታውና ቀኑም ለተመራማሪ ይቀመጣል።

ደግሞ ሰው ቤት መሆኑን አትርሱ፣ ሙዚየም አይደለም። በሩ ላይ እናት ልብስ እያሰጣች ከሆነ "እንደምን አደሩ" በሉ፣ ምን እንደምታደርጉ ንገሩ፣ አይሆንም ካሉ እሺ በሉ። ጎጆ ውስጥ ፍላሽ አታብሩ፣ በዱላ ለማየት አትሞክሩ።

ስለ ጥበቃዎች መቼም ታውቃላችሁ። ስልክ ቀና ካደረጋችሁ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው "ማን ፈቀደልሽ?" ይላል። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን አሮጌ ቤት ሳነሳ ሦስት ፎቶ እያየ አስጠፍቶኛል። ሌላ ቀን ሌላ ሰፈር ደግሞ እንዲህ ሆነ።

"አንቺ! ምንድነው የምታነሺው?"

"ወፍ ነው ጋሼ።"

"ወፍ? የታለ?"

አሳየሁት። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና "ይቺ? ይቺማ ዝንብ ናት" አለኝ። ከዛ በሩን ገርበብ አድርጎ "ወፍ ከፈለግሽ ና፣ ማለቴ ነዪ፣ እዚህ ኋላ ነው ያለው" ብሎ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ያለውን ግንብ አሳየኝ። ስድስት የጭቃ ጎጆ፣ በአንድ መስመር። አራት ዓመት እዛ ሲሠራ በየዓመቱ ሲጠግኗቸው አይቷል። "አለቃ አፍርሰው ብሎኝ ነበር፣ እሺ ብዬ ተውኩት" አለ። ስለ አዲስ አበባ ወፎች እስካሁን ካገኘሁት ሰው ሁሉ ብዙ የሚያውቀው እሱ ነው።

ያለፈው ትውልድ በዚህ በኩል ከእኛ ይሻል ነበር ለማለት ይከብዳል፣ ካሜራ የነበረው ጥቂት ሰው ነበር። የምኒልክን ዘመን ፊቶች የምናውቀው እንደ ቤድሮስ ቦያጂያን ባሉ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፈሮች ነው፣ ልጆቹም ሙያውን ቀጥለውበታል። ስለ ቤቶቹ ደግሞ አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ጄራርድ፣ እንዲሁም ሚሌና ባቲስቶኒና ጂያን ፓኦሎ ኪያሪ መጻሕፍት አሳትመዋል። ቤተ መጻሕፍት ካገኛችኋቸው አገላብጡ። ከመጽሐፉ ገጽ በቀር ዛሬ የትም የሌሉ ቤቶች ታያላችሁ። አራት ሰዎች፣ ሁለት መጽሐፍ። እኛ ግን እያንዳንዳችን ኪሳችን ውስጥ ካሜራ አለ። ጠዋት ታክሲ ስንጠብቅ ፊት ለፊታችን ያለውን ቤት ለማንሳት የሚያስፈልገው ሰባት ሴኮንድ ነው።

ስለ ድምፁ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ከፋሲካው በኋላ የድሮ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ፈለግኩበት። አንድ የዘጠኝ ሴኮንድ ቪዲዮ አገኘሁ። ለጓደኛዬ ጫማዬን ላሳያት በረንዳው ላይ የቀዳሁት ነው። የሚታየው ስኒከርና የጣውላ ወለል ብቻ ነው። ለአያቴ ወስጄ ከፈትኩላት። ጫማውን አላየችውም። ጆሮዋን አስጠግታ "ቆይ፣ ድገሚው" አለች። ደገምኩት። ከበስተኋላ ድንቢጦቹ ይንጫጫሉ፣ የሆነ ሰው ሰፌድ ያራግፋል፣ ከላይ ያ ሲርርር የሚለው ድምፅ ያልፋል።

"ይቺ በግራ በኩል ያለችው ናት፣ አሸንዳው ጋ" አለች።

"በቀኝ ነበር እኮ አሸንዳው።"

"በግራ ነው! አርባ ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ አንቺ?"

እስካሁን አልተስማማንም። ሁለታችንንም የሚዳኝ ፎቶ የለም። አክስቴ ትዳር ይዛ የሄደችበት ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያለው ቤት ግን ገና ቆሟል፣ በረንዳም አለው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ስልክ ቀጥ አድርጋ የያዘች ልጅ ካያችሁ እኔ ነኝ።